ያውቁ ኖሯል? መታወቂያ፣ ምርጫና ስድስት ወር

በአዲስ አበባው የሀይሌ ጋርመንት የአትክልት ገበያ ጎህ ሳይቀድ ሽንኩርት የሚያወርድ ወጣት ኪሱ ውስጥ የሀገር ቤት ቀበሌ መታወቂያ አለው እንበል። ምርጫ ቢመጣ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ማን ነህ? ዜጋ ነህ? የት ትኖራለህ? ሦስቱንም ለብቻው የሚመልስ ወረቀት ማግኘት ቀላል አይደለም።

ያውቁ ኖሯል?

● በምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት ለመራጭነት የሚመዘገብ ሰው ኢትዮጵያዊ፣ 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ መሆን አለበት። ስለዚህ ዋናው የመታወቂያ ፈተና የሚገጥመው ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ሳይሆን በምዝገባው ነው።

● የአትክልት ተራው ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ ሄደ፤ ከ2013 ጥምቀት በፊት ደግሞ ወደ ሀይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ለ2013ቱ ምርጫ የመራጮች ምዝገባ የተጀመረው በዚያው ዓመት መጋቢት ነበር። ገበያውን ተከትሎ ጓዙን ጠቅልሎ የመጣ ሰው ምዝገባው ሲከፈት በአዲሱ ሰፈር ገና ስድስት ወር አልሞላውም። አራዳ እያደረ እዚህ የሚነግደው ግን የሚመዘገበው በሚያድርበት ነው።

● መታወቂያ አለመያዝ ብቻውን ከምርጫ አያስቀርም። ሌላ ማስረጃ ከጠፋ የሚያውቁት የአካባቢው ነዋሪዎች ሊመሰክሩለት ይችላሉ። ካናዳም ወረቀት የሌለውን መራጭ ጎረቤቱ እንዲመሰክርለት ትፈቅዳለች።

● ምርጫ ከቀበሌ መታወቂያ ይቀድማል። ቀበሌ የተወለደው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በተወረሰበት በሐምሌ 1967 አዋጅ ነው። ሕዝብ እንደራሴውን እንዲመርጥ የፈቀደው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን የወጣው በ1948 ነበር፤ በመጀመሪያው ምርጫ ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመርጠው ምክር ቤት ገብተዋል።

● ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ «ማን ነህ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አለው፤ «ዜጋ ነህ?» ለሚለው ግን የለውም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት በሀገሪቱ የሚኖር የውጭ ዜጋም ሊመዘገብበት ይችላል።

● «ቢጫ ካርድ» ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ቪዛ ያስቀርላቸዋል፤ የመምረጥ መብት ግን አይሰጣቸውም። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ይህን በግልጽ ለይቷል።

● የልደት ምዝገባ በመላ ሀገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ የተመዘገበ ጨቅላ 18 ዓመት የሚሞላው በ2026 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ የብዙ ወጣት መራጭ ዕድሜ የሚታወቀው በመታወቂያው ወይም በሰው ምስክርነት ነው።

● «የምትኖርበት ቦታ ምረጥ» የሚለው ደንብ ሁሉንም አያስርም። ለተፈናቃዮች፣ ለወታደሮችና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ልዩ የምርጫ ጣቢያ ይቋቋማል። ከክልላቸው ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ለሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ድምፅ ይስጡ ወይስ አይስጡ የሚለው ክርክር ደግሞ በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ለእነሱ ተፈርዷል።

● በምርጫው ቀን፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የመራጭነት ካርድና መታወቂያ ይዞ መምጣቱም አልበቃም፤ ሰልፉ ረዝሞ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ተገፍቷል። በሕጉ አንድ ጣቢያ የሚይዘው ቢበዛ 1,500 መራጭ ነው።

● በሕንድ የመጀመሪያ ምርጫ (በእነሱ አቆጣጠር 1951–52) ወደ 2.8 ሚሊዮን የሚጠጉ ሴቶች ከመዝገብ ተሰርዘዋል። ምክንያቱ «የእገሌ ሚስት» ወይም «የእገሌ ልጅ» ብለው እንጂ በራሳቸው ስም አለመመዝገባቸው ነበር። አውስትራሊያ ውስጥ ግን ዛሬም መራጭ መታወቂያ ሳያሳይ ስሙንና አድራሻውን ተናግሮ ይመርጣል፤ ብሪታንያ በበኩሏ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ትጠይቃለች።

አሁን ወደ ሽንኩርት አውራጁ እንመለስ። የኪሱ መታወቂያ ማን እንደሆነ ይናገራል፤ የት እንደሚኖር ሲጠየቅ ግን የሚጠራው የትውልድ ቀበሌውን ነው። ስድስት ወር ቢሞላውም እንኳ ሌሊት ገበያ፣ ቀን እንቅልፍ የሆነበትን ሰው «እዚህ ይኖራል» ብሎ የሚመሰክርለት ጎረቤት ያስፈልገዋል።