የማን ዜማ ነው?

ኤምባሲዎች በተደረደሩበት የጅቡቲው ሄሮን ሰፈር በቤት ሠራተኝነት የምትኖር አንዲት ወሎዬ ስትሮክ መታት እንበል። የሚነገራትን ትሰማለች፣ ይገባታልም፤ አንደበቷ ግን አልታዘዝ አላት። ወደ ሙዚቃ ሕክምና ባለሙያ ብትላክ፣ ባለሙያው ገና በመግባቷ መሣሪያ አንስቶ አይጫወትላትም። መጀመሪያ ይመረምራታል፤ ምርመራው ከአንድ ቀጠሮ በላይ ሊወስድ ይችላል።

የሐኪሟን ማስረጃ ያነብባል፣ የሚያውቋትን ይጠይቃል። የት አደገች? ጆሮዋ የለመደው መዝሙር ነው ወይስ መንዙማ? ሠርግ ላይ ታዜም ነበር? የትኛውን ዘፈን ስትሰማ ታለቅሳለች? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ሊዘለል አይገባም፤ ዜማ የተኛ ሐዘን ይቀሰቅሳልና።

ከዚያ የምታውቀውን ዘፈን አብሯት ያንጎራጉርና መሐል ላይ ያቆማል። የቀረውን ቃል ትሞላዋለች? መናገር አቅቷቸው እያለ ግጥሙን ከነዜማው የሚያወጡ ሕሙማን አሉ፤ የቦስተን ባለሙያዎችም ይህን ይዘው በዜማ የማናገር ዘዴ ቀርጸው በ1973 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ከበሮም ይሰጣታል። የትኛው እጅ ይሰንፋል? ምቱ ሲፈጥን ትከተላለች? እሱ ሲያቆም ታቆማለች? ሁሉም ይመዘገባል፤ ከወራት በኋላ መሻሏ የሚለካው በዚህ ነው።

ቃል ለሌለው ሕፃን መንገዱ ሌላ ነው። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ፖል ኖርዶፍና እንግሊዛዊው መምህር ክላይቭ ሮቢንስ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የልጁን ድምፅ፣ ለቅሶውን ጭምር፣ በፒያኖ እየተከተሉ እንዴት እንደሚመልስ ያዳምጡ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የመመዘኛዎቹ አገር ነው። አብዛኞቹ የተሠሩት በአውሮፓና በአሜሪካ ነው። በአምባሰልና በባቲ ያደገች ሴት ለማታውቀው የፒያኖ ዜማ ዝም ብትል፣ ዝምታዋ የጉዳት ምልክት ተብሎ ሊጻፍባት ይችላል። የችክችካን ስድስት ምት አንዱ በሁለት፣ ሌላው በሦስት ከፍሎ ያጨበጭባል፤ ይህን የማያውቅ መርማሪ ጤነኛዋን እጅ ምት ሳተች ይላል። ሶማሌው፣ አፋሩ፣ አረቡና ሐበሻው ጎን ለጎን በሚኖሩባት ጅቡቲማ ይህ ስህተት በየቀጠሮው ደጅ ላይ ይጠብቃል።

የጎንደር ባለዛሮች የማን ዜማ ነው የሚለውን ጥያቄ በራሳቸው መንገድ ያውቁት ነበር። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ የባለዛሯን የመልካም አየሁን ቤት ለወራት ተከታትሎ ጽፏል፤ አብሮት የመጣው የጥናት ቡድን ጉዞውን የጨረሰው በተከታዩ ዓመት እዚሁ ጅቡቲ ነው። ውዳጃ በሚባለው የዛር ስብሰባ ከበሮ እየተመታና እየተጨበጨበ ዛሩ ስሙን እንዲናገር ይጠየቃል፤ እያንዳንዱም የራሱ ፉከራና የራሱ ጉሪ፣ ማለትም የመንቀጥቀጥ ውዝዋዜ፣ አለው። በሱዳንና በግብፅ ዛር ደግሞ የታማሚዋ ሰውነት ለአንዱ እስኪመልስ ድረስ የየመንፈሱ ዜማ በተራ ይሞከራል። ዛር የዛሬው ሕክምና አቻ ነው አልልም። ታማሚዋ የምትመልስለትን ዜማ ሳያገኙ አለመጀመራቸውን ግን አከብራለሁ።

ወደ ወሎዬዋ ስንመለስ፣ ምርመራው በጽሑፍ ያልቃል፦ በየትኛው ዘፈን ስንት ቃል እንደወጣት፣ የትኛው እጇ እንደዘገየ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ መምጣት እንዳለባት። ዜማው ምንም ካልረዳት ደግሞ ባለሙያው ይህንኑ ጽፎ ወደ ንግግር ሕክምና ይልካታል።