የተጸውዖ ስሞች አነባበብ፦ አንድ ፊደል፣ ሁለት ድምፅ

በዋሂልና በሌሎቹ የድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች ለሚዘጋጁ የስም መዝገቦች ኦሮምኛና ሶማሊኛን ለይቶ ማንበብ ግድ ነው። ሁለቱም የኩሽ ቋንቋዎች ናቸው፤ ሁለቱም ዛሬ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ሶማሊኛ በ1965 ዓ.ም. በሶማሊያ፣ ኦሮምኛ ደግሞ በ1984 ዓ.ም. በቁቤ መጻፍ እንዲችሉ ተወስኗል። ችግሩም ከዚሁ ይነሣል፤ ፊደሉ አንድ ሆኖ ሳለ የሚወክለው ድምፅ ይለያያል።

«ሲ» የተባለችውን ፊደል እንውሰድ። በቁቤ «ጭ» ተብላ ትነበባለች፤ ጫልቱ የሚለው ስም በእርሷ ይጀምራል። በሶማሊኛ ግን ያቺው ፊደል ከጉሮሮ የሚወጣው የ«ዐ» ድምፅ ምልክት ናት፤ ዐሊና ዐብዲ በእርሷ ይጻፋሉ። ስለዚህ ቁቤን ብቻ የለመደ ጸሐፊ ከሶማሊኛ ሰነድ ሲገለብጥ ዐብዲን «ጫብዲ» ቢለው አያስደንቅም። «ኤክስ»ም ለኦሮምኛ «ጥ»፣ ለሶማሊኛ «ሕ» ናት፤ ሐሰን «ጣሰን» ሆኖ ይወጣል። ከእንግሊዝኛ ልማድ የሚነሣ ተርጓሚ ደግሞ «ካብዲ» የሚል ሦስተኛ ንባብ ይጨምራል።

በአገራችን የልጅ ሁለተኛ ስም የአባት መጠሪያ ነውና በአባት መዝገብ ላይ የገባ ስሕተት ወደ ልጁ ይወርዳል። ውርስ ሲጠየቅ ወይም ፓስፖርት ሲወጣ አባትና ልጅ በሰነድ ባዕዳን ሆነው ይገኛሉ።

የአማርኛ ተናጋሪ «ሐ»ን ከ«ሀ»፣ «ዐ»ን ከ«አ» በአፉ አይለይም። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚለው አሳብ ለአማርኛ ብቻ ሲታይ ምክንያት አለው፤ ሆኖም የሶማሊኛንና የትግርኛን ስሞች በግዕዝ ፊደል ለሚጽፍ ሰው እነዚህ ፊደላት ትርፍ አይደሉም ብለን እናምናለን።

ልዩነት ሁሉ ግን ስሕተት አይደለም። የዐረብኛው ፋጢማ በአማርኛና በኦሮምኛ ፋጡማ፣ በሶማሊኛ ፋዱሞ ይባላል። ተርጓሚው ፋዱሞን ወደ ፋጢማ «ላርም» ቢል የባለቤቷን ስም መለወጡ ነው።

መጥበቅና መላላትም አለ። ቁቤ የሚጠብቀውን ተነባቢ ደግሞ ይጽፋል፤ የእኛ ፊደል ይህን ስለማያሳይ ገመቹ በሚለው ስም «መ» መጥበቁን አንባቢው ከሰው አፍ መስማት አለበት።

በመዝገበ ስም ዝግጅት የምንመክረው ከስሙ ጎን ሰነዱ የተጻፈበት ቋንቋ እንዲጠቀስና ባለስሙ ሲናገረው የተሰማው ድምፅ በግዕዝ ፊደል እንዲሰፍር ነው። ኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ የሚያገለግለው «ዸ» ለዚህ ይጠቅማል፤ ዹጋሳ ከዱጋሳ ይለያልና። የከተማይቱ ስም ራሱ በኦሮምኛ ዲሬ ዸዋ፣ በሶማሊኛ ዲሪ ዸባ ነው፤ በአማርኛ ጽሑፍ ግን የተለመደውን ድሬዳዋን እንይዛለን።