ያውቁ ኖሯል? «በኋላ» እየተባለ የሚከርመው አፕዴት

አቦሉ ተቀድቶ ገና አልተጠጣም፤ የአክስቴ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ዝቅ አድርጋ አነበበችና ወደ እኔ ዘረጋችው።

«አንተ፣ ይሄ ነገር ዛሬም መጣ። ብነካው የልጆቹን ፎቶ ይበላብኛል?»

«አይበላም እቴቴ።»

«በማን ስልክ አይተህ ነው?»

አዲስ የአንድሮይድ ቨርዥን ነበር። ሦስት ወር ሙሉ «በኋላ» የሚለውን እየነካች አሳልፋዋለች። ለማንኛውም ብለን ፎቶዎቹን ላፕቶፕ ላይ ገለበጥን፤ ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክተን በቤቱ ዋይፋይ ማውረድ አስጀመርነው። እስኪጨርስ ድረስ ያወራሁላትን ነው እዚህ የምጽፈው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? አንድሮይድ ሲጸነስ ለስልክ አልነበረም። በ2003 ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ውስጥ ኩባንያውን የመሠረቱት ሰዎች ያሰቡት ለዲጂታል ካሜራ ነበር። ጉግል በ2005 ገዛው፤ የመጀመሪያው አንድሮይድ ስልክ፣ ኤችቲሲ ድሪም፣ በ2008 ገበያ ላይ ዋለ። ስክሪኑ ላይ የሚጻፍበት ኪቦርድ እንኳ አልነበረውም፤ ስክሪኑን ገፋ ሲያደርጉት ከሥሩ እውነተኛ ቁልፎች ብቅ ይላሉ። የስክሪን ኪቦርዱ የመጣው በሚቀጥለው ዓመት፣ 1.5 ከተባለው አፕዴት ጋር ነው።

የዚያ 1.5 ቅጽል ስም ከፕኬክ ነበር። ከዚያ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ዶናት፣ ኤክሌር እያለ በጣፋጭ ስም ሲጠራ ኖሮ በ2019 አሥረኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። ጉግል የሰጠው ምክንያት ስሞቹ በየአገሩ አይገቡም የሚል ነው፤ ማርሽማሎው የማይታወቅበት አገር ብዙ ነው፣ ፓይም በየቦታው ጣፋጭ አይደለም። እውነቱን ነው። እኔ ሰፈራችን ሱቅ ሄጄ ማርሽማሎው ብል ባለሱቁ የሞባይል ካርድ የሚሰጠኝ ይመስለኛል። ቢሮ ውስጥ ግን ልማዱ አልቀረም፤ የ16ኛው ቨርዥን የውስጥ ስም ባቅላቫ ነው። ይሄ እንኳ ፒያሳም ይገባል።

ያውቁ ኖሯል? አይፎን ወጥቶ እስከ 2009 ድረስ ጽሑፍ ኮፒ አድርጎ መለጠፍ አይችልም ነበር። እስከ 2011 ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ካልተሰካ አፕዴት አይደረግም ነበር። አይኦኤስ የሚለው የአይፎን ሲስተም ስም ራሱ የአፕል ብቻ አይደለም፤ ሲስኮ ለኔትወርክ መሣሪያዎቹ ቀድሞ ይዞት ስለነበር አፕል በ2010 የተጠቀመበት በሲስኮ ፈቃድ ነው።

አፕዴት በገንዘብ የተሸጠበት ጊዜም አለ። በጥር 2008 የአይፖድ ታች ባለቤቶች ለአዲሶቹ አፖች 20 ዶላር ገደማ ተጠይቀዋል፤ የአይፎን ባለቤቶች ግን በነጻ ወሰዱ። ሰበቡ የሒሳብ አያያዝ ደንብ ነው ተባለ። የሒሳብ ሠራተኛ ጓደኛ ያለው ሰው አይገርመውም።

ከ18 ቀጥሎ ስንት ይመጣል? በ2025 በአፕል ቤት 26 መጣ። በመሃል የጠፋ ቨርዥን የለም፤ ቁጥሩን ከሚቀጥለው ዓመት ጋር ለማስኬድ ዘለሉት እንጂ።

«መብራት መሃል ላይ ቢጠፋስ?» አለች አክስቴ። ከሁሉም የሚሻለው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ስለዚህ ስኒዬን አስቀመጥኩ።

ድሮ ስልኩ የሚሠራበትን ሲስተም ራሱን እየደመሰሰ አዲሱን በላዩ ላይ ነበር የሚጽፈው፤ ሰው ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ግድግዳውን እንደሚያፈርስ ማለት ነው። መሃል ላይ ባትሪ ካለቀ ስልኩ በድን ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ከዚያ ወደ ሞባይል ጠጋኝ። በ2016 ከአንድሮይድ 7 ጋር ሌላ ዘዴ መጣ። ለሲስተሙ ሁለት ቦታ ይዘጋጃል፤ «ሀ» እና «ለ» እንበላቸው። እርስዎ «ሀ» ላይ ሆነው ቲክቶክ ሲያዩ አዲሱ ቨርዥን ከጀርባ «ለ» ላይ ይጻፋል። ሲያልቅ ስልኩ ጠፍቶ በ«ለ» ይነሣል፤ አልነሣ ካለ ተመልሶ በ«ሀ» ይነሣል። ፎቶና መልእክት የሚቀመጡት ከሁለቱም ውጭ፣ በሌላ ክፍል ነው። ችግሩ ዘዴው በየስልኩ ወዲያው አልገባም፤ ታላላቅ አምራቾች ሳይቀሩ ለዓመታት ዘግይተውበታል። አፕዴት ሲያደርግ ስክሪኑ ጠቁሮ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ስልክ ከያዙ ምናልባት የድሮው ዓይነት ነው፤ ባትሪውን ሞልተው ይጀምሩ።

እዚህ ላይ ቶናው ቀረበ። አፕዴቱ 41 በመቶ ላይ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ጎረቤትዎ የእርስዎን ዓይነት ስልክ ይዞ አፕዴቱ ለእሱ ደርሶ ለእርስዎ ካልደረሰ ማንም አልበደለዎትም። የጉግል መሐንዲስ በ2013 እንዳብራራው፣ አዲስ ቨርዥን መጀመሪያ የሚላከው ለ1 በመቶው ስልክ ብቻ ነው። አንድ ሁለት ቀን ይታያል፤ ሰላም ከሆነ ወደ 25፣ ወደ 50፣ ከዚያ ለሁሉም ይለቀቃል። ቀድሞ የደረሰው ሰው እንግዲህ ምግቡን ቀማሽ ነው።

ቀማሽ ሲባል፦ በመስከረም 2014 አይኦኤስ 8.0.1 ሲወጣ አዲሱን አይፎን 6 የያዙ ሰዎች ኔትወርክ አጡ፤ ጣታቸውንም ስልኩ አላውቅህም አለ። አፕል በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ አነሣው። መቸኮልም እንዲህ አለው። እኔ ለትልቁ አፕዴት አንድ ሁለት ሳምንት እታገሣለሁ፤ ለትንሹ፣ ለደኅንነቱ ግን አንድ ቀን አላሳድርም።

ለምን ቢሉ፣ በ2015 ስቴጅፍራይት የተባለ ቀዳዳ አንድሮይድ ላይ ተገኘ። የስልክ ቁጥርዎን የሚያውቅ ሰው ተንኮል ያለበት የቪዲዮ መልእክት ቢልክ፣ ሳይከፍቱት ስልክዎ ሊያዝ ይችል ነበር። ጉግልና ሳምሰንግ በየወሩ የደኅንነት ጥገና መላክ የጀመሩት ከዚያ ድንጋጤ በኋላ ነው። መልክ አይቀይርም፣ አዲስ ኢሞጂ አያመጣም፣ ማንም አያመሰግነውም።

«ግን እኮ አፕዴት ሲያደርጉት ስልክ ይንቀራፈፋል ይላሉ።» ሐሜቱ አንድ ጊዜ እውነት ሆኗል። አፕል ባትሪያቸው ያረጀባቸውን አይፎኖች በአፕዴት ፍጥነታቸውን እንደቀነሰ በታኅሣሥ 2017 አመነ። ስልኩ ድንገት እንዳይጠፋ ነው ቢልም ለባለቤቶቹ አለመንገሩ አስከፈለው፤ ፈረንሳይ በ2020 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣችው። የባትሪ መቀየሪያውንም ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። ከአፕዴት ማግሥት ያለው ሙቀትና የባትሪ ማለቅ ግን ሌላ ነው፤ ስልኩ ፎቶውንና ፋይሉን እንደ አዲስ እየመዘገበ ስለሆነ በአብዛኛው በጥቂት ቀን ይበርዳል።

ያውቁ ኖሯል? አፕዴት ባለማድረጉ ቀኑ የሚጠፋበት ስልክም ነበር። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሳምንት ሲቆጥሩ 1024 ላይ ሲደርሱ ወደ ዜሮ ይመለሳሉ። በዚህ ምክንያት አይፎን 5 የያዘ ሰው እስከ ኅዳር 3 ቀን 2019 ካላዘመነ አቅጣጫ መጠቆሚያው፣ ኢሜሉና የአፕ መደብሩ እንደሚቆሙበት ተነግሮት ነበር። ካለፈው በኮምፒውተር ካልሆነ አይስተካከልም።

የሰዓት ነገርም በአፕዴት ነው የሚመጣው። ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን በየካቲት 1 ቀን 2021 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰች፤ ስልኮች ይህን የሚያውቁት የዓለም የሰዓት ሰንጠረዥ ሲታደስላቸው ነው። የሊባኖስ መንግሥት ደግሞ በመጋቢት 2023፣ በየዓመቱ ሰዓት ወደ ፊት የሚገፋበትን ለውጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው አራዘመው። ብዙ ስልክ ውሳኔውን ሳይሰማ በቀድሞው ቀን ተቀየረ፤ ግማሹ ተቋምም አልተስማማም። መንግሥት ሐሳቡን ቢለውጥ ይሻላል ብሎ ለወጠ።

የፊደልም ነገር እንዲሁ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። ይሁንና በድሮ ስልኮች ከውጭ አገር የተላከ የአማርኛ መልእክት ሲከፈት የሚታየው ባዶ ሳጥን በሰልፍ ነበር። ሳጥኑ በሙያው ሰዎች ዘንድ ቶፉ ይባላል፤ የጉግል ኖቶ ፊደላት ስማቸው «ቶፉ ይቅር» ከማለት የመጣ ነው። ዛሬ ሳጥኑ በኢሞጂ በኩል ተመልሷል፤ በ2020 የጸደቁትን ቂጣና የሻይ ማንቆርቆሪያ አዲስ ስልክ ያለው ሰው ቢልክ፣ ሲስተሙ ያረጀ ስልክ የሚያሳየው ሳጥን ነው። «ጀበናስ?» አለች አክስቴ። የለም።

ዕድሜን በተመለከተ ዘመኑ ተሻሽሏል። ኖኪያ ሉሚያ 900 አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ የቀረበው በሚያዝያ 2012 ነው፤ በሰኔ ማይክሮሶፍት ቀጣዩ ዊንዶውስ ፎን 8 እንደማይደርሰው አስታወቀ። ሁለት ወር! በሌላ በኩል በ2013 የወጣው አይፎን 5ኤስ በጥር 2023 የደኅንነት አፕዴት ደርሶታል። ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ ለ7 ዓመት ቃል ገብተዋል። ርካሾቹ ስልኮች ላይ ግን ያን ያህል አይጠብቁ፤ ሲገዙ ስንት ዓመት አፕዴት እንዳለው ባለሱቁን ይጠይቁት፣ ካላወቀ ሌላ ሱቅ አለ።

በረካው ሲቀዳ ስልኩ ጠፍቶ ተነሣ። አክስቴ መጀመሪያ ፎቶዎቹን ከፈተች፤ የልጅ ልጇን ክርስትና አየች፣ ሠርጉን አየች፣ ወደ ላይ ወደ ታች እየጎተተች ቆጠረች። ሁሉም አሉ። ዘግታው ደግማ ስክሪኑን ስታበራ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ይሄን ሰዓት ደግሞ ማን አሳበጠው?»