ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

«ዘይቱ የሚንጠባጠበው ከካምቢዮው በኩል ነው፤ ስለዚህ የኋላው ኦይል ሲል ሄዷል፣ ካምቢዮ ይወርዳል።» ጎንደር ውስጥ አሮጌ ሚኒባስ ወይም ፒክአፕ የያዘ ሰው ይህን ፍርድ ሳይሰማ አይቀርም። አንዳንዴ ትክክል ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚፈረደው ጠብታው የወደቀበት ቦታ ታይቶ እንጂ ዘይቱ የወጣበት ተፈልጎ አይደለም።

ከሞተሩ የላይኛው ክዳን ጋስኬት የሾለከ ዘይት የሞተሩን ጎን ይዞ ይወርዳል። በጉዞ ላይ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋውና ሞተርና ካምቢዮ በሚጋጠሙበት ቦታ ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል። የዘይት ግፊት ስዊች ሲያሾልክም፣ ፊልትሮ በደንብ ሳይጠብቅ ሲቀርም እንዲሁ ነው። የከተማችን ተዳፋት ነገሩን ያባብሰዋል። ከፒያሳ ወደ ቀሐ በሚወስደው ቁልቁለት ፊቱን ወደ ዳገቱ አዙሮ ያደረ መኪና፣ ከሞተሩ ፊት የሾለከውን ዘይት ከኋላ ይጥለዋል። የዘይቱን መጠን መለኪያ ዘንግም ተዳፋት ላይ አትመኑት፤ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙና ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ካረፈ በኋላ ለኩ።

ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገር በፊት ሞተሩ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ መኪናው ትንሽ ይነዳ። ከዚያ በባትሪ ብርሃን ከላይ ወደ ታች ይታይ። ከሁሉ ከፍ ብሎ የረጠበው ቦታ የፍሳሹ ምንጭ ነው። ሌሊት ከሥሩ ካርቶን ማንጠፍም ይጠቅማል፦ ቡናማ ወይም ጥቁር ጠብታ ብዙውን ጊዜ የሞተር ዘይት ነው፣ ቀይ ከሆነ የካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ሊሆን ይችላል፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ የራዲያተር ነው። ይህን ፍተሻ ሳያደርግ «ይወርዳል» የሚል መካኒክ የጠየቀው ዋጋ ርካሽ ቢሆን እንኳ መኪናዬን አልሰጠውም።

«ለዚች ጎማ ይህን ሁሉ ብር?» የሚለው ቅሬታ ግን መካኒኩን ይበድላል። የኋላው ኦይል ሲል መዳፍ ላይ የምትቀመጥ የጎማ ቀለበት ናት፤ ዋጋዋም ከሥራው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። እሷ ጋ ለመድረስ ግን ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑና ቮላኖው መውረድ አለባቸው፤ በትክክል ከተሠራ የቀን ሥራ ነው። የላይኛው ክዳን ጋስኬት በብዙ መኪኖች ላይ የሰዓታት ሥራ ነው። የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ተለያይተው ይጻፉላችሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃም ሆነ አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ካምቢዮው አይቀሬ ሆኖ ከወረደ ደግሞ ያለቀ ፍሪሲዮን አብሮ ይቀየር፤ ለዚያ ሌላ ቀን ሁለተኛ የእጅ ዋጋ መክፈል ኪሳራ ነው።

«አምና በዚህ ዋጋ ነው ያሠራሁት» ማለትም ሚዛን አይሆንም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ መለዋወጫው ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነው። የዛሬውን ዋጋ ከሁለት ሦስት መለዋወጫ ቤት ጠይቁ፤ ኦርጅናል ነው ወይስ አይደለም የሚለውንም አትርሱ።

ወፍራም ዘይት ፍሳሽ ይደፍናል የሚባለው በተለይ በእኛ ደጋ ይጎዳል። በደባርቅ ብርዳማ ማለዳ የወፈረ ዘይት ወደ ሞተሩ ላይኛ ክፍል የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ የተቀደደ ጋስኬትም አይጠግንም። ፍሳሽ አቁም የሚባለው ፈሳሽ የደረቀ ጎማን ያለሰልስ ይሆናል እንጂ የተሰነጠቀ አይገጥምም።

አዲስ ኦይል ሲል ገብቶ በወራት ውስጥ እንደገና የሚያፈስ መኪናም አለ። የሞተሩ የትንፋሽ ቫልቭ በጥቀርሻ ከተደፈነ በውስጡ ግፊት ይጠራቀምና ዘይቱን በደካማው በኩል ይገፋዋል፤ ሊማሊሞን ተጭኖ በሚወጣ መኪና ላይ ይብሳል። ቫልቩ ብዙውን ጊዜ ርካሽ ነው፣ አስቀድሞ ይታይ። አሮጌውን ኦይል ሲልም ጠይቃችሁ ተቀበሉ፦ እንደ ፕላስቲክ ከደረቀ ወይም ከንፈሩ ከተሰነጠቀ ሳያፈስ አልቀረም።

ሞተሩ ወዝ ብቻ ካሳየና ዘይቱ በግልጽ ካልቀነሰ፣ እየለካችሁ ገንዘብ እስክታዘጋጁ መቆየት ትችላላችሁ። ዘይት የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ እየተንጠባጠበ የሚቃጠል ሽታ ካመጣ ግን እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል አይቆይም። ቀይ የዘይት መብራት ከበራ ደግሞ የትም ብትሆኑ ዳር ያዙና ሞተሩን ወዲያው አጥፉ።