የዘመድ ቤት ልጅና በጉ፤ «ዳንግሌ» ስለተባለው ፊልም



ስለ ሲኒማ ሲነገር ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ፊልም በየቤታችን ያለውንና ከመልመዳችን የተነሣ የማናስተውለውን ነገር አውጥቶ ያሳየናል። ዛሬ የምንመለከተው ፊልም ከዚህኛው ወገን ነው። የሚነግረንም በዘመድ ቤት ስለሚያድግ ልጅ ነው። ከእናንተ መካከል ከደባርቅ ወይም ከዳባት፣ ከወገራ ወይም ከጃናሞራ ለትምህርት ወጥታችሁ በአጎት ወይም በአክስት ቤት ያደጋችሁ ትኖራላችሁ። ዛሬ ደግሞ በተራችሁ ከገጠር የመጣ የዘመድ ልጅ ተቀብላችሁ የምታሳድጉ አላችሁ። ስለዚህ ነገሩ የሲኒማ ወዳጆች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቤታችን ጉዳይ ነው።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ «ላምብ» ይባላል፤ ትርጓሜውም የበግ ግልገል ማለት ነው። በአማርኛ አርእስቱ «ዳንግሌ» ነው። የጻፉትና ያዘጋጁት አቶ ያሬድ ዘለቀ ናቸው። በግንቦት ወር 2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ በሚደረገው የፊልም በዓል «አን ሰርተን ርጋር» በተባለው ክፍል ቀርቦ፣ በዚያ በዓል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። አቶ ያሬድ በአዲስ አበባ ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው አገራቸውንና ያሳደጓቸውን ዘመዶች ትተው ወደ አሜሪካ የሄዱ ሰው ናቸው፤ የፊልም ሥራንም የተማሩት በኒው ዮርክ ዩኒቨርስቲ ነው። ከቤቱ ተነሥቶ ወደማያውቀው አገር ስለሚላክ ልጅ ሲጽፉ፣ የጻፉት ስለሚያውቁት ነገር ነው ለማለት ይቻላል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ኤፍሬም የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለ፤ ሆኖ የሚጫወተውም ረድኤት አማረ ነው። እናቱ ሞታበታለች፤ አገሩም በድርቅ ተጎድቷል። አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ልጁን ራቅ ባለ ተራራማና ልምላሜ ባለው አገር ለሚኖሩ ዘመዶች አደራ ይሰጠዋል። ልጁም ቹኒ የምትባል በጉን አስከትሎ ይሄዳል። በዘመድ ቤት የሚጠብቀው ሕይወት ግን ቀላል አይሆንለትም። አጎቱ ሰሎሞን ልጁ እርሻ እንዲለምድ ይፈልጋል፤ የልጁ እጅ ግን ከሞፈርና ከቀንበር ይልቅ ለወጥና ለድስት የተመቸ ነው። ወንድ ልጅ ማድቤት ገብቶ መታየቱ አጎትየውን ያስቈጣዋል። የመስቀል በዓል ሲቃረብም አጎቱ በጊቱ እንድትታረድ ይወስናል። ከዚያ በኋላ ልጁ በጉን ለማዳንና ወደ አገሩ የሚመለስበትን የአውቶቡስ ገንዘብ ለማግኘት ሳምቡሳ እየሠራ በገበያ መሸጥ ይጀምራል። ፍጻሜውን ለማየት ለምትፈልጉ ስንል ከዚህ በላይ አንናገርም።

አሁን አንድ ጥያቄ ይነሣል። በግ የሚታረድ እንስሳ ነው፤ አንድ ልጅ ስለ አንዲት በግ ይህን ያህል መጨነቁ ስለምን ነው? በዚህ ላይ በሁለቱም ወገን ያለውን እውነት ማየት ይገባናል።

በመጀመሪያ የአጎቱን ነገር እንመልከት። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳባትን አልፎ የሄደ ሰው፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ በገብስ ማሳዎች አጠገብ የተሰማሩትን በጎች ሳያይ አያልፍም። በዚያ ደጋ «የሰሜን በግ» የሚባል ራሱን የቻለ ዝርያ አለ፤ አካሉ ከሌላው የደጋ በግ ተለቅ ያለ፣ ላቱ አጭርና ስብ የያዘ፣ ጠጉሩም ለብርድ የተመቸ ነው። ለዚያ አገር ገበሬ በግ ማለት ጥሬ ገንዘብ ነው። ግብር የሚከፈለው፣ ጨውና ልብስ የሚገዛው፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ደብተር የሚገዛለት በበግ ነው። በዓልም ሲመጣ ቤተ ሰቡ ሥጋ የሚቀምሰው በእርሱ ነው። በዚህ ኑሮ ውስጥ ያለ አባወራ፣ በቤቱ አንድ ተጨማሪ አፍ መጥቶበት ሳለ፣ ለበዓል በግ ይታረድ ቢል እንደ ጨካኝ ሊቈጠር አይገባውም። ፊልሙም አጎትየውን ክፉ ሰው አድርጎ አላቀረበውም፤ የተቸገረና በልማዱ የጸና ሰው ነው።

ሁለተኛው ወገን ልጁ ነው። ከአገሩ ሲወጣ ቤቱን አላመጣም፤ እናቱ በሕይወት የለችም፤ አባቱም ከአጠገቡ ርቋል። የእናቱ ቤት ምስክር ሆና የቀረችው ያቺ በግ ብቻ ናት። በጊቱ ከታረደች ለአጎቱ የሚጎድለው አንድ በግ ነው፤ ለልጁ ግን አገሩ ሁለተኛ ጊዜ ይጠፋበታል። ትልልቅ ሰዎች ነገሩን በዋጋ እንመዝነዋለን፤ ሕፃን ግን ዋጋ አያውቅም፤ የሚያውቀው አብሮት የነበረውን ነው። ኤፍሬም የምግብ ሥራ መውደዱም የተለየ ጠባይ አይደለም፤ ከቀድሞ ቤቱ ይዞት የመጣው ሌላው ንብረቱ ነው። ስለዚህ ሁለቱም፣ አጎቱም ልጁም፣ የያዙት እውነት ነው። የጎደለው ነገር አንድ ነው፤ ከሁለቱ አንዱም ሌላውን አልጠየቀውም።

ይህን የመሰለ ታሪክ በሌላም አገር ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1969 እንግሊዛዊው ኬን ሎች «ኬስ» የተባለ ፊልም አዘጋጅተው ነበር። በዚያም ፊልም በአንድ የከሰል ድንጋይ ማውጫ አገር የሚኖር፣ በቤቱም በትምህርት ቤቱም የተናቀ ቢሊ የሚባል ልጅ፣ አንዲት ጭልፊት ይዞ ያለምዳል። በክፍል ውስጥ ሰነፍ ተብሎ የተቈጠረው ይህ ልጅ፣ አንድ መምህር ተነሥቶ ስለ ጭልፊቱ እንዲናገር ባዘዘው ጊዜ፣ ጓደኞቹ በዝምታ እስኪያዳምጡት ድረስ አምሮ ይናገራል። የልጁ ዕውቀት ቀድሞም ነበረ፤ የጠፋው የሚጠይቀው ሰው ነበር።

በ«ዳንግሌ» ውስጥ ለኤፍሬም የዚያን መምህር ያህል የምትሆነው የአጎቱ ልጅ ጽዮን ናት፤ ሆና የምትጫወተውም ቅድስት ስዩም ናት። ጽዮን ወጣት ልጃገረድ ናት፤ ጋዜጣ ታነባለች፤ ቤተ ሰቧ ግን ማንበቧን ትታ ባል እንድታገባ ይፈልጋል። እርሷ በማንበቧ ትነቀፋለች፤ እርሱ ወጥ በመሥራቱ ይነቀፋል። በዕድሜም በጠባይም የማይመሳሰሉ እነዚህ ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ ወዳጆች የሚሆኑት በዚሁ ምክንያት ነው። ፊልሙ ከልጅነት ወደ ጕልምስና መሻገርን ያሳየበት ዋና መንገድም ይህ ወዳጅነት ነው፤ ልጅ የሚያድገው ያልተረዳውን ሰው በመታዘዙ ብቻ አይደለም፤ የተረዳው አንድ ሰው በማግኘቱ ነው።

የጽዮን ነገር ለመንግሥት ሠራተኞች የተለየ ትርጉም አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻን ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ ነበር፤ ለወንድ 18 ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው፤ የአማራ ክልልም የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አውጥቶ ይህንኑ ዕድሜ አጸና። ሕግ ዕድሜን ይወስናል፤ ነገር ግን ጋዜጣ የምታነብ ልጅ በቤቷ ውስጥ እንደ ሥራ ፈት ሳትቈጠር እንድትኖር ማድረግ የሕጉ ሥራ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የቤተ ሰቡ ሥራ ነው።

የዘመድ ቤት ልጅ ነገር ያለፈ ዘመን ወግ አይደለም። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ያሉ የገጠር ልጆች ከፍ ያለውን ትምህርት ለመከታተል ዛሬም ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ይሄዳሉ፤ ስንቃቸውን ተሸክመው ከዘመድ ቤት ይጠጋሉ ወይም በጋራ ቤት ይከራያሉ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደነዚሁ ወረዳዎች በደረሰ ጊዜም ብዙ ቤተ ሰብ ተፈናቅሏል። ድርቅም ጦርነትም ትምህርትም ልጅን ወደ ዘመድ ቤት ይልካሉ። አደራው ያው ነው።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ወደ ቤታችሁ ቢመጣ ሦስት ነገር እንድታደርጉ እናሳስባችኋለን። መጀመሪያ፣ ሥራ ከማዘዛችሁ በፊት ምን ትቶ እንደመጣ ጠይቁት፤ ከብት፣ ወንድም፣ አያት ወይም የጨዋታ ጓደኛ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ይዞ የመጣውን ነገር፣ ዕቃም ቢሆን ሙያም ቢሆን፣ አትናቁበት፤ ሊቀር የሚገባው ነገር ከሆነም በድንገት ሳይሆን ምክንያቱን ነግራችሁት ይሁን። ሦስተኛ፣ አባቱና እናቱ መቼ እንደሚመጡ እውነቱን ንገሩት፤ እንዲያው ዝም እንዲል ብላችሁ ነገ ይመጣሉ አትበሉት።

አባቶቻችን ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይላሉ። የዘመድን ልጅ መቀበልም እንዲሁ ከነናፍቆቱና ከነትዝታው መሆን ይገባዋል። ፊልሙን ስታዩ በቤታችሁ ያለውን ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ ሲያበቃም በጊቱ ትታረድ ዘንድ ይገባ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁትና መልሱን እስከ መጨረሻው አዳምጡት።