በብሎን በኩል የሚገባ ሙቀት

አዲስ አበባ በሰሜን በኩል የምታበቃው እንጦጦ ላይ ነው። እዚያ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በእንዲህ ዓይነት ቴሌስኮፕ ላይ የሚገጠም ካሜራ ደካማ ብርሃን እንዲለይ ቺፑ ከዜሮ በታች በብዙ ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት፤ አለዚያ ሙቀቱ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ከኮከቡ ምልክት ጋር ይደባለቃል። የማቀዝቀዙን ሥራ በብዛት የሚሠራው ፔልቲየር የሚባለው ስስ ጠፍጣፋ ዕቃ ነው።

ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ዣን ፔልቲየር ነው። ሰውየው በ1834 እ.ኤ.አ. እንዳስተዋለው፣ ሁለት የተለያዩ ብረቶች በተጋጠሙበት ኤሌክትሪክ ሲያልፍ አንዱ መጋጠሚያ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይሞቃል። ጋዝም ሞተርም አያስፈልገውም። አቅሙ ግን ትንሽ ነው፦ ባለ አንድ ንብርብሩ ቢበዛ 70 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ይፈጥራል፣ ያውም የሚያወጣው ሙቀት ከሌለ። ስለዚህ ግማሽ ዋትም ትልቅ ጉዳይ ነው።

ሙቀቱ እንዳይገባ፣ ቺፑንና ፔልቲየሩን አየሩ በፓምፕ በወጣለት ሣጥን፣ ማለትም በቫኪዩም ውስጥ መግጠም የፔርሙዝን ጥበብ መጠቀም ነው። ሙቀት የሚያመላልስ አየር አይኖርም፤ አመዳይም ቺፑ ላይ አይጋገርም። እውነተኛው ጣጣ ግን ከዚህ በኋላ ይጀምራል፤ ሙቀቱ አሁን የሚገባው ዕቃውን በያዙት ነገሮች በኩል ነውና። ንብርብሮች ተደራርበው የ80 ዲግሪ ልዩነት በተገኘበት፣ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አንድ የመዳብ ሽቦ ብቻውን ግማሽ ዋት ያስገባል። ስለዚህ ቺፑን የሚያነብቡት ሽቦዎች እንደ ፀጉር የቀጠኑና የረዘሙ ይሁኑ። ከሽቦው ይልቅ የሚረሳው ብሎኑ ነው። ፔልቲየሩን በመካከል ይዘው ቀዝቃዛውን ሳህን ከሙቁ ሳህን ጋር የሚያጣብቁ 10 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው አራት ባለ 3 ሚሊ ሜትር የስቴንለስ ብሎኖች ከ2 ዋት በላይ ያሾልካሉ። የናይሎን ብሎን፣ ወይም ቢያንስ ከብሎኑ ራስ ሥር የፕላስቲክ ሮንዴላ፣ ልፋቱን ያድናል።

ሙቀት በጨረርም ይገባል፤ በዙሪያው ያለውን ብረት አንጸባራቂ አድርጎ መወልወል ይቀንሰዋል።

የፔልቲየሩ ሙቁ ገጽ ደግሞ ሙቀቱን ከቫኪዩሙ ውጭ ላለ ማራገቢያ ወይም ውሃ ማስረከብ አለበት። እንጦጦ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ማራገቢያው ይደክማል፤ እኔ ብሆን ውሃ እመርጣለሁ። በሙቁ ገጽና በሙቁ ሳህን መካከል ኢንዲየም ከሚባለው ለስላሳ ብረት የተሠራ ስስ ወረቀት ይግባ፤ አለዚያ በቫኪዩም ውስጥ ደረቅ ብረት ከደረቅ ብረት ጋር ሙቀት በደንብ አይቀባበልም።

ይህን ለመሞከር ያሰባችሁ ተማሪዎች፣ ሙቁ ገጽ ከውጭ ማቀዝቀዣው ጋር ሳይገናኝ ኤሌክትሪክ አትልቀቁበት። ሙቀቱን የሚወስድለት አየር ስለሌለ የውስጡ ብየዳ ይቀልጣል።