«ፈሰሰ» ብቻ አይበቃም

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ኒውላንድ የሚባል ሰፈር አለ። በአብዛኛው ኑዌሮች የሚኖሩበት ይህ ሰፈር ስሙ እንግሊዝኛ ነው፤ «አዲስ መሬት» ማለት ነው። እንግሊዝኛ ለጋምቤላ የሩቅ እንግዳ አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመ ውል፣ እንግሊዞች በባሮ ዳርቻ የንግድ ጣቢያ እንዲከፍቱ ተፈቅዶላቸው ነበር። ጣቢያው ሱዳን ነፃ እስከወጣችበት እስከ 1956 ቆይቷል። የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን እየመጡ ቡና የሚጭኑት ግን ባሮ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ ነበር። ውሃው ሲጎድል ወደቡም ሥራ ይፈታል።

ዛሬ ስለዚሁ ወንዝ የሚወጣ አንድ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የኒውላንድ ነዋሪ ጆሮ እስኪደርስ ስንት ቋንቋ ይሻገራል? ባለሙያው ዘገባውን በእንግሊዝኛ ያነባል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነውና በአማርኛ ይጽፈዋል። ቀጥሎ በኑዌርኛ ወይም በአኙዋክኛ ይነገራል። በዚህ መንገድ ላይ አንድ ቃል ከተሳተ የሚሳተው ቃሉ ብቻ አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው ሁለቱ ቋንቋዎች ስለ ፈሳሽ የሚናገሩበት መንገድ የተለያየ ከመሆኑ ነው። እንግሊዝኛ ፈሳሹ እንዴት እንደሚሄድ በግሡ ውስጥ ያሽገዋል። «ድሪፕ» ሲል በጠብታ ነው፤ «ትሪክል» ሲል ቀጥኖና አዝግሞ ነው፤ «ጋሽ» ሲል (የአክብሮቱን «ጋሽ» አላልኩም) በኃይል ነው። መዝገበ ቃላት የገለጠ ተርጓሚ ሦስቱንም «ፈሰሰ» ብሎ ያልፋቸዋል፤ ከዚያም «አማርኛ ቃል ያጥረዋል» ይባላል።

አማርኛ ግን ቃል አላጠረውም፤ ቃሉን የሚያስቀምጠው ሌላ ቦታ ነው። ብዙውን ጊዜ «አለ» ከሚለው ግሥ ፊት ያስቀምጠዋል። ጠብ አለ፣ ኮለል አለ፣ ፊን አለ እንላለን። እየደጋገመም ይሠራዋል፤ ተንጠባጠበ፣ ተንፎለፎለ፣ ተንዠቀዠቀ፣ ተንቆረቆረ። ለዝናብ ብቻ እንኳ ካፊያ አለን፣ ዶፍ አለን። ከሦስት ሰዓት ስብሰባ ወጥተን «ጠብ ያለ ነገር የለም» የምንለውም ከዚሁ ጓዳ አውጥተን ነው።

እንዲያውም አማርኛ አንዳንዴ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይጠነቀቃል። እንግሊዝኛ ሻዩንም፣ ዝናቡንም፣ ቆሻሻ ውሃውንም «ፖር» በሚል አንድ ቃል ሊጨርሳቸው ይችላል። እኛ ዘንድ ሻይ ይቀዳል፣ ጠጅ ይንቆረቆራል፣ ዝናብ ይወርዳል፣ እጣቢ ይደፋል። «ስፒል» ለሚለው ደግሞ የተለየ ግሥ አያስፈልገንም፤ «ፈሰሰብኝ» ስንል ሳልፈልግ የደረሰብኝ ነው የሚለውን «ብኝ» ይናገራል። «ሊክ» ለሚለውም ተጠያቂውን እንጠራለን፤ ጣራው ያፈሳል፣ ቧንቧው ያፈሳል።

ይህ የቋንቋ ወዳዶች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ወደ ጤና ጣቢያ እንግባ። በአገራችን ሕክምና የሚሰጠው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። ጋምቤላ ላይ ደግሞ ታማሚው የሚናገረው ኑዌርኛ ወይም አኙዋክኛ፣ አስተርጓሚው የሚያውቀው አማርኛ ሊሆን ይችላል። «ደም ይፈሰዋል» የሚል መልስ ለሐኪሙ ብዙ አይነግረውም። ደሙ እያዠ ከሆነ የተጎዱት በቆዳው ላይ ያሉት ቀጫጭን ሥሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ሳያቋርጥ የሚወርድ ከሆነ ከደም መልስ ሊሆን ይችላል። ደማቅ ቀይ ሆኖ ከልብ ምት ጋር ፊን ፊን የሚል ከሆነ ግን የተቆረጠው ደም ቅዳ ነው፤ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ ለመጫን ደቂቃ አይባክንም። «ደም ቅዳ» የሚለው ስም ራሱ «ቀዳ» ከሚለው ግሥ መውጣቱን ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ወንዙ እንመለስ። እንግሊዝኛው «ፍላሽ ፍለድ» እና «ሪቨር ፍለድ» እያለ የሚለያቸውን ዜናችን ሁለቱንም «ጎርፍ» ይላቸዋል። የገጠር ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ የየራሳቸው ስም አላቸው፤ አንዱ ደራሽ ነው፣ ሌላው ሙላት። ደራሽ ውሃ ዝናቡ ሌላ ቦታ ዘንቦ በሰዓታት ውስጥ ከተፍ የሚል፣ ጠራርጎ የሚሄድ ነው። ሙላት ደግሞ ወንዙ በቀናት ውስጥ ከፍ ከፍ ብሎ ከዳርቻው ሲወጣና ሜዳው ላይ ሲንጣለል ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት አገራችን ሁለቱንም በሳምንት ልዩነት አይታለች። ሐምሌ 30 ሌሊት ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ደራሽ ሆኖ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። በነሐሴ ደግሞ ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ300 በላይ ሰዎች አለቁ። ዜናው ለሁለቱም «ጎርፍ» ነበር። ማምለጫቸው ግን አንድ አይደለም። ከደራሽ የሚድነው ዕቃ ሳይሰበስብ ወዲያው ከወንዙ መውረጃ ሸሽቶ ከፍታ ላይ የወጣ ነው። ከሙላት የሚድነው ደግሞ ውሃው ገና ከፍ ማለት ሲጀምር ልጆቹን፣ ከብቱንና እህሉን ቀድሞ ያሸሸ ነው።

የጋምቤላው ባሮ በአመዛኙ የሙላት ወንዝ ነው። ውሃው የሚመጣው ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ ስለሆነ ጋምቤላ ላይ ፀሐይ እያለም ከፍ ሊል ይችላል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ባሮና ሌሎቹ የክልሉ ወንዞች ሞልተው ከተማዋንም ወረዳዎቹንም አጥለቅልቀዋል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ተፈናቅለዋል።

እናም ተርጓሚው፣ ጋዜጠኛው፣ ሐኪሙ «ፈሰሰ» ወይም «ጎርፍ» ብሎ ከመጻፉ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ። ምን ያህል ነው? በምን ፍጥነት? ከየት ወጥቶ ወዴት? ሰው አውቆ ያደረገው ነው ወይስ ሳይታሰብ የሆነ? መልሱን የሚሸከም ቃል አማርኛ ውስጥ አለ። ባሮ ከፍ ባለበት ሌሊት ኒውላንድ ያለች እናት ልጆቿን ይዛ አሁኑኑ ትውጣ ወይስ እስኪነጋ ዕቃዋን ትሰብስብ የምትለው በደረሳት ቃል ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና ቃሉ ቀድሞ ይስተካከል።